ከሸኮ መንገድ ዳር ያልተነሳው ፒክአፕ

ሰርካዲስ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ዞረ፤ አልተነሳም።

ከኋላ ወንበር ሥር ባምላኩ ተጋድሟል፤ የወርቅ ኮንትሮባንዲስቱ የይሄይስ ጠባቂ የነበረ፣ አሁን ሊመሰክርበት የቆረጠ። እሷ በስለላ ስሟ «ዝባድ» ናት። በሚዛን ተፈሪ ግን ሦስት ዓመት የይሄይስ ሹፌር ሆና ኖራለች። የቀራት ምስክሩን በሕይወት ቴፒ ማድረስ ነው።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ሙሴ በመስኮቱ በኩል። ሙሴ አገናኟ ነው። ባምላኩን ከቡና መፈልፈያው ጓሮ ስታመጣ መኪናውን ሲጠብቅ የቆየው እሱ ነው። «ጠብቂ፣ ሌላ መኪና ላስመጣ።»

ደግማ ሞከረች። ማስነሻው ሞተሪኖ ጉልበት አለው፤ መብራቱም አልደበዘዘም። ባትሪ ሞቶ እንዲህ አይዞርም።

ናቀችው። ከክህደቱ በፊት ድንቁርናውን።

ቁልፉን ግማሽ አዙራ አዳመጠች። የነዳጅ ፓምፑ ድምፅ የለም። ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። ከፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሪሌ ተነቅሏል።

«ይሄይስ ምን ሊሰጥህ ነው? የእኔን ወንበር?»

ሙሴ ወደ መታጠፊያው አየ። የመኪና ድምፅ እየቀረበ ነው።

«ሰውየውን ትተሽ ሂጂ። አንቺን አይነኩሽም፤ ቃል ገብተውልኛል።»

«ቃል!» አለች። «አንተስ ለእኔ ምን ነበር የገባኸው?»

መጠኑ አንድ የሆነውን የክላክሱን ሪሌ ነቅላ በፓምፑ ቦታ ሰካችው።

ሙሴ ግራ እጁን ኮፈኑ ሥር ተደግፎ በቀኙ ከወገቡ ሽጉጥ መዘዘ።

ኮፈኑን በግራ እጁ ላይ ከደነችው። እጁን መንጭቆ ሲያወጣ ሽጉጡ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ዘላ ገብታ ቁልፉን አዞረች።

ተነሳ።

የይሄይስ ሰዎች ከኋላ ደረሱ። አንድ ጥይት መስታወቱን አረገፈ።

«እጄን መቱኝ» አለ ባምላኩ።

«እሰረው። ቀና እንዳትል።»

በስፖኪዮ አየች። ሙሴ አድኑኝ እያለ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ አሳዳጆቿ በግድ ቆሙ። ለገዙትም የማይረባ ሰው።

ቴፒ ላይ የስለላ አለቃዋ ባምላኩን ተረከበ። ሐኪሙ የባምላኩ ቀኝ እጅ እንደማይድን ለአለቃው ነገረው።

«አፉ ከሠራ ይበቃናል» አለ አለቃው።

እሱንም ናቀችው።

«ሚዛን አብራኝ የኖረችው ጓደኛዬ ሰሎሜስ? ስለ እኔ ምን ይነገራታል?» አለችው።

«የጌታዋን መኪና ሰርቃ ጠፋች ተብሎ ተነግሯታል። ለሽፋን ይመቻል። ወደ ሚዛን እንዳትመለሺ።»

መናኸሪያ ሄደች። ሻሿን ዝቅ አድርጋ አስራ የማሻ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ስልኳን ዘግታ ዞር አለች።

«ሰማሽ? ሚዛን አንዷ ሹፌር እንጀራ የሰጣትን ሰው መኪና ዘርፋ ጠፋች። እግዜር ይይላት።»

«ይይላት» አለች፤ ፊቷንም ወደ መስኮቱ መለሰች።