አረንጓዴው ጎፈሬ

በአስባዶር መንግሥት ክፉው ምልክት የታየው በቤተ መንግሥቱ የባቄላ ማሳ ላይ ነበር። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው ባቄላ ጠዋት ተጋድሞ ተገኘ፤ ሲነቅሉት ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ንጉሥ ሐርመዝ ሰይፋቸውን መዝዘው ማሳው ዳር እየተንጎራደዱ ጠላትን ቢጠሩም የመጣ የለም። አገሩ የሚኖረው በባቄላ ነውና ረኀብ ደጃፉ ላይ ቆመ።

የቤተ መንግሥቱ ነቢይት እማማ ድርሳላ አፈሩን አሽትተው ትንቢቱን ተናገሩ። ጠላቱ ከመሬት በታች ግንብ ሠርቶ የተቀመጠ ዱልሙት የተባለ ሻጋታ ነው፤ ድል የሚነሣውም ከብርዳሙ ተራራ ማዶ የሚኖር አረንጓዴ ሻጋታ ብቻ።

«ሰይፍ የለውም» አሉ። «ኢንዛይም የሚባል ምራቅ ግን አለው። የጠላቱን ግንብ በእሱ ያሟሟና ገብቶ ይበላዋል። ባቄላ አይነካም።»

ለዘመቻው ወጣቱ ታምሩክ ተነሣ። ታምሩክ የሚመካበት ነገር ቢኖር ጎፈሬው ነው። በአስባዶር ሕግ ጎፈሬ የሌለው ከጀግኖች ወንበር አይቀመጥም፤ እሱም ያን ወንበር እየተመኘ ከልጅነቱ ጀምሮ ፀጉሩን ቅቤ ሲቀባ ኖሯል።

«አረንጓዴውን ጦር ሳላመጣ ብመለስ ይህ ጎፈሬ ይላጭ» ሲል በንጉሡ ፊት ማለ።

ከእማማ ድርሳላና ሸለምቤ ከሚባለው ክንፋም ፍየሉ ጋር ተራራውን ተሻገረ። ግዙፍ ተዋጊ ሲጠብቅ ያገኘው በበሰበሰ ግንድ ላይ የተኛ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ቢያፍርም እጅ ነሣ። ነቢይቷ ሻጋታውን በተቀቀለ ገብስ ላይ አራብተው ከረጢት ሞሉ፤ ብርዱ እንዳይጎዳውም ታምሩክ በየሌሊቱ ከረጢቱን ተንተርሶ አደረ።

አገራቸው ድንበር ሲደርሱ ሸለምቤ ከረጢቱን ከነማሰሪያው በላው። ታምሩክ ፍየሉን ሊያርድ ቢላ መዘዘ። የእማማ ድርሳላ ዓይን ግን ጎፈሬው ላይ ቀረ። አረንጓዴ ሆኗል።

«ልጄ፣ ጦሩ አንተ ራስ ላይ ሰፍሯል» አሉት።

ታምሩክ ማበጠር አይበቃ እንደሆነ በልመና ጠየቀ። እስከ ሥሩ እንደገባ ነገሩት። ቤተ መንግሥቱ ማሳ ሲደርሱ ልጆች ከጠቆረው ባቄላ መካከል የሚበላ ፍሬ ይፈልጉ ነበር። እነሱን አየ፤ አለቀሰ፤ ከዚያም ተንበርክኮ ራሱን ለምላጭ ሰጠ። ካላመጣሁ ይላጭ ብሎ የማለበት ጎፈሬ፣ ስላመጣ ተላጨ።

ፀጉሩ ተከትክቶ ከተቀቀለ ገብስ ጋር በማሳው አፈር ውስጥ ተደባለቀ። ከመሬት በታች የተካሄደው ጦርነት ድምፅ ስላልነበረው ነጋሪት መቺዎቹ መቼ እንደሚመቱ ግራ ገባቸው። የዱልሙት ግንብ ሟሟ፤ ዱልሙት ተበላ። አዲስ የተዘራው ባቄላም በቅሎ አበበ፤ እሸቱ ደረሰ።

የድሉ ግብር ዕለት ዘበኛው ታምሩክን በር ላይ አስቆመው። ሕግ ሕግ ነው። ጀግኖቹ ብዙ ተከራክረው ወንበሩ ለጎፈሬ ይገባል ብለው ፈረዱ፤ ንጉሡ ለማስታወሻ ያስቀሩት እፍኝ አረንጓዴ ፀጉርም በክብር ተቀመጠበት። አዝማሪው አወደሰው። ታምሩክ ይህን በመስኮት አይቶ በጣም ከፋው፤ ራሱንም በረደው።

እማማ ድርሳላ እሸት ታቅፈው ወጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ለጎፈሬው አንድ ገበታ ባቄላ እንደቀረበለት፣ ንጉሡም ብላ እያሉ እየለመኑት እንደሆነ ነገሩት።

«በላ?» አለ ታምሩክ።

«ባቄላ አይነካም ብዬ ነበር እኮ።»

ታምሩክ ከተላጨ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እሸቱን ፈልፍሎ አንዱን ለሸለምቤ ሰጠና ሌላውን እሱ በላ።