ጆንያ የሚታጠብበት ጥግ

ዘውገ ከምንጩ ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ከምንጩ በታች ያለው የመንደሩ ኩሬ ጠባቂ ነበር። ኢንስፔክተር ዝናሽ ከደብረ ታቦር ተነስታ ጉና ተራራ ሥር ወዳለችው መንደር ስትደርስ፣ ሰዉ የሟቹን ሚስት ወንድም፣ ሙላቴን፣ በገመድ አስሮ ጠበቃት። የምንጩ ውሃ ተራ የዚያን ቀን የእሱ ነበር።

«ከዘውገ ጋር ተጣልታችኋል?» ስትል ሙላቴን ጠየቀችው።

«በተራው ተጣልተናል። አልገደልሁትም።»

የሟቹ ሚስት ፈንታነሽ የዝናሽ እግር ላይ ወደቀች። «ባሌ ሄደ። ወንድሜን እንኳ ይተዉልኝ።»

ዝናሽ ሰው ማጽናናት አትችልበትም። ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። አፍንጫውና ጢሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል። ምንጩ ግን ቀዝቃዛና ፈሳሽ ነው፤ ድንጋዩን አልጌ የሚሉት ቡናማ የውሃ ሻጋታ ቢያሙለጨልጨውም አረንጓዴ የለበትም። ቁልቁል ወደ ኩሬው ወረደች። ሰው ውሃ ሊቀዳ የሚወርድበት ጥግ ብቻ በአረንጓዴ ዝቃጭ እንደ ጎመን ወጥ ወፍሯል።

«ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?» ስትል የሟቹን ወንድም ደሳለኝን ጠየቀችው።

«ከወር ወዲህ። ፀሐይ ነው የሚያመጣው።»

«ፀሐዩ ለኩሬው ሁሉ አንድ አይደል?»

ደሳለኝ ፊቱን ከኩሬው አዞረ። እሷም የየቤቱን አጥር እየዞረች አይታ ስትመለስ ሁሉንም ኩሬው ዳር ሰበሰበች።

«የማዳበሪያ ጆንያ ገብስ ልትይዙበት እዚህ ታጥባላችሁ። ገብሱን የሚያፋፋው ማዳበሪያ ይህንንም አልጌ ያፋፋዋል፤ ውሃው የተኛ ነው፣ ፀሐይም ያሞቀዋል። የዘውገ አፍንጫ የያዘው ይህንኑ ነው፤ የሞተው እዚህ ነው። ወደ ምንጩ ሰው ተሸክሞ ወሰደው። እዚህ ማጠብ የከለከለ ነበር?»

«እሱ ራሱ» አለች ፈንታነሽ። «ጥጃችን ከዚህ ጠጥታ ከሞተች ወዲህ።»

«ከትናንት ወዲህ የታጠበ ጆንያ ያገኘሁት አንድ አጥር ላይ ነው። ስፌቱ ውስጥ አረንጓዴው ገና አልደረቀም። አጥሩ የደሳለኝ ነው።»

ደሳለኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጆንያውን ሲነጥቀኝ ገፋሁት። ድንጋይ መታውና ውሃው ውስጥ ተደፋ። ሬሳ ከወጣበት ኩሬ ማን ይጠጣል? ምንጭ ይፈሳል፣ ራሱን ያጥባል። ኩሬውን ላድን ብዬ ነው የተሸከምሁት።»

«ሙላቴ ሲታሰርስ?»

«ዝም አልሁ።»

ሙላቴ የታሰረበትን ገመድ ፈትተው ደሳለኝን አሰሩበት። ፈንታነሽ ጀሪካኗን አነሳች።

«ከዚህ ኩሬ አትጠጡ» አለች ዝናሽ።

«ምንጩን ሬሳ አርክሶታል ብለው ሊዘጉት ነው። ከየት እንቅዳ?» አለች ፈንታነሽ።

ዝናሽ ደሳለኝን ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች። መኪናው ሲነሳ ዞር ብላ አየች። ፈንታነሽ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ጥጉ ወርዳለች። አረንጓዴውን በእጇ ወደ ጎን ገፍታ የባሏ ሬሳ የሚታጠብበትን ውሃ ትቀዳ ነበር።