የአዴ ነፊሳ እሳት

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ብቆይም ጭንቅላቴ አሁንም ክፍል ውስጥ ነው፣ ስለዚህ መንፈስ አየሁ፣ ሙት አነጋገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄ ነው የሚቀድመኝ፣ እናቴ እንኳ «የዚች ልጅ ልብ ድንጋይ ነው» ትለኝ ነበር። እሳትን በተመለከተ ደግሞ ለእኔ ማንም አይነግረኝም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፦ የሚነድ ነገር፣ አየር፣ ሙቀት፣ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እሳት የለም፣ አለቀ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የማወራላችሁን ሰምታችሁ «ሴትዮዋ ጃጅታለች» እንዳትሉኝ ነው፣ ማርያምን፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ብሔራዊ ውትድርናው ከየቤቱ ወጣት እየለቀመ የሚወስድበት ጊዜ። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ጅማ ገብቼ ጅሬን ዳገቱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ጓደኞቼ ሁሉ ወደየአገራቸው ገቡ፣ እኔ ለመሠረተ ትምህርት ማስተማሪያ ተመርጬ ቀረሁ፣ «ተመርጬ» ስላችሁ ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ፣ ብቻዋን ያለች ሴት ምን አስቸኳይ ጉዳይ አላት ተብሎ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብረቅ የሰፈራችንን ትራንስፎርመር መታው። እንደ ጥይት ጮኸና ጸጥ አለ። «የሁለት ቀን ነገር ነው» አሉን፣ ሁለት ቀኑ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ከወር አለፈ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል ይባላል፣ መንገዱ ተናደ ይባላል፣ ዝናቡ እንደሆነ እንኳን ሊያባራ ትንፋሽም አልወሰደ። ከሁሉ የሚያበሽቀው ታች ከተማው መብራት ነበረው። ማታ ማታ በሬ ላይ ቆሜ ታች መስኮቶቹ ሲበሩ አያለሁ፣ እዚያ ሰዎች ራት እየበሉ፣ ሬዲዮ እየሰሙ፣ ልጆቻቸውን እየተቆጡ ነው፣ እኔ ጨለማ ውስጥ ከራሴ ጋር አወራለሁ፣ እመኑኝ፣ አንዳንዴ ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ብቻ ጮክ ብዬ የነገውን ትምህርት አስተምራለሁ።

ስዘጋጅ ግን ጎበዝ ነበርኩ። ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ ላምባ ገዛሁ፣ ከባዶ የቀለም ጠርሙስና ከአሮጌ ጨርቅ ኩራዝ ሠራሁ፣ ሻማዬን በቢላ ለሁለት እየከፈልኩ አነደድኩ፣ በሶ አስፈጨሁ፣ የሬዲዮዬን የባትሪ ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዝራ ብዬ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ደጅ አሰጣሁ፣ የሰፈሩ ሴቶች «ቲቸር ዘንድሮ በርበሬው ጠቆረባት» እያሉ ሳቁብኝ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነው። ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነበር፣ ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ፍም የሚባል የለም፣ እሳቴ ክብሪት ብቻ ነው፣ በጅማ ክረምት ደግሞ ክብሪት ስትጭሩት ጭንቅላቱ ተልጦ እጃችሁ ላይ ይቀራል። እንዳይርስብኝ ደረቴ ውስጥ ከትቼው እተኛ ነበር፣ ሌላዋ ባሏን አቅፋ ስትተኛ እኔ የክብሪት ቀፎ። ኋላ እሱም ከሱቁ ጠፋ።

ያኔ ነው ሰፈሩ በሙሉ ወደ አዴ ነፊሳ የዞረው። አዴ ነፊሳ፣ በኦሮምኛ እናት ነፊሳ እንደማለት፣ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው፣ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱ፣ ሴት ልጃቸው አጋሮ ያገባች፣ ወንዱ ልጃቸው ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና የሄደ። ማድ ቤታቸው በጓሮ በኩል ወደ መተላለፊያው የምትከፈት ትንሽ መስኮት አለችው፣ ምድጃው ከሥሯ ነው። እሳት የፈለገ ሰው የሸክላ ስባሪ ይዞ ይሄድና ይጣራል፣ ከውስጥ በመስኮቷ ፍም ይሰጠዋል፣ በማግስቱ ሲመለስ አንድ እንጨት ይዞ ይመጣል። የአዴ ሕግ ይኸው ነው፣ ሌላው ሕጋቸው ደግሞ እሳት ሊጭር የመጣን ሰው አለመመለስ ነው፣ የተጣሉትም ቢሆን።

እኔ ግን እንደሌላው ፍሜን ይዤ አልመለስም፣ በበሩ ዞሬ እገባና በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ። ናፍቆኝ ነበር፣ ሌላ ምን እላችኋለሁ፣ የሰው ፊት በእሳት ብርሃን ማየት ናፍቆኝ ነበር።

አንድ ማታ «ለመሆኑ ይህ እሳት አንድ ቀንም አይጠፋም አዴ?» አልኳቸው።

«አይጠፋም ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄን ያነደደው ጀማል ነው፣ የሄደ ቀን ጠዋት። ያባቱን የቡና ግንድ ከተተበትና ‹ሃርሜ፣ እናቴ፣ እስክመለስ እንዳታጠፊው› አለኝ። ማታ አመድ አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት እገልጠዋለሁ። ወሬው ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ያወራል። እኔ አልሰማም። እሳቱ ካለ ልጄ አለ።»

የዛሬው ፍም ያኔ የነደደው አይደለም እኮ፣ እንጨቱ አመድ ከሆነ ቆየ ልላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ተመስገን ዋጥኩት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን እኔም ከመተኛቴ በፊት አጥሩ ጋ ሄጄ ጭሳቸውን አይ ጀመር።

ነሐሴ ሲጋመስ ከአጋሮ መልእክት መጣ፣ ልጃቸው ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፣ እናቷን ትፈልጋለች። አዴ ሻሻቸውን አስረው፣ የቤታቸውን ቁልፍ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

«ማሎ፣ እባክሽ ኢንታላ ኮ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትዘነጊም። ቤቱ ይዘረፍ፣ ዶሮዋን ሸለምጥማጥ ይብላት፣ ግድ የለኝም። እሳቴን አደራ።»

«አዴ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ በእኔ ይሁንብዎ» አልኳቸው፣ ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አጠለቅኩት።

አደራውን በደንብ ያዝኩ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ እሳቸው ማታ አለብሳለሁ፣ ጠዋት እገልጣለሁ፣ በመስኮቷ ለመጣ ሁሉ እሰጣለሁ። አንድ ሌሊት ግን ነፋስ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ነቀለ፣ ሌላ ቦታ አጥቶ ከምድጃው በላይ ያለውን። ጠዋት በሩን ስከፍት ምድጃው ኩሬ ሆኗል። እጄን አመዱ ውስጥ እስከ ክርኔ ሰደድኩት፣ እስከ ታች ድረስ ቀዝቃዛ ጭቃ ነው፣ አንዲት ለብ ያለች ነገር የለችም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ድንጋይ ልብ የተባልኩት እኔ።

ጎረቤቶች ስባሪያቸውን ይዘው መጡ፣ ጠፋ ስላቸው ባዶውን ይዘው ተመለሱ። አስካለ የምትባል የሾፌር ሚስት ብቻ፣ የደጄ ጎረቤት ናት፣ በመስኮቷ አጮልቃ አየችና «ወይኔ! ምን ልትያቸው ነው?» አለችኝ።

እኔስ ምን አውቄ። ታች ወርጄ እሳት ለምኜ ማምጣት እችላለሁ፣ እሳት እሳት ነው፣ በመልኩ የሚለየው የለም። ግን ያንን ምድጃ ከሌላ ቤት በመጣ እሳት አንድጄ እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ሲሞቁት አጠገባቸው መቀመጥ አልችልም። ሲመጡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ቆርቆሮውን ከአስካለ ጋር እንደነገሩ መልሰን በድንጋይ ተጫንነው፣ መስኮቷን ገጥሜ በሩን ቆልፌ ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ይህንን ያዙልኝ።

ያን ቀን ከትምህርቱ በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ነበር፣ ስብሰባው ሳያልቅ መውጣት የለም፣ የዳገቱን መንገድ ስጀምር መሽቷል። ከኋላዬ ከተማው በርቷል፣ ከፊቴ ምንም የለም፣ የእግሬን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ ግን የአስካለ መስኮት ቀይ ብሏል። ቀጥሎ ያለውም። ከዚያ ማዶ ያለውም። ክብሪት ተገኘ እንዴ ብዬ የአስካለን በር አንኳኳሁ።

ምድጃዋ ላይ ድስት ጥዳለች። «እሰይ፣ አዴ እንኳን ደህና መጡ!» አለችኝ።

«መቼ መጡ?»

«አንቺ አላየሻቸውም እንዴ? ጭስ አይተን ሄደን ሁላችንም ከእሳቸው ጭረን መጣን። ምን እንደከፋቸው እንጃ፣ ብጣራ ብጣራ አንድ ቃል አልመለሱልኝም፣ ዝም ብለው ፍሙን ሰጡኝ።»

ቁልፉን በደረቴ ላይ ዳሰስኩት። ሁለተኛ ቁልፍ ይኖራቸዋል፣ አልኩ ለራሴ፣ እሳቱንም ከአጋሮ በመኪና አምጥተው ይሆናል፣ አልኩ፣ ሰው ሲፈራ የማይለው የለም። በመተላለፊያው ዞርኩና ወደ መስኮቷ ሄድኩ። ተከፍታለች። ከውስጥ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ፣ ጉልበት ላይ ተደርጎ የሚሰበር ዓይነት፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው በጉንጩ ሞልቶ እፍፍ አለ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

«አዴ፣ መጡ እንዴ?» አልኩ።

ደግሜ ተጣራሁ።

«አዴ፣ እኔ ነኝ።»

ፍም የያዘ ስባሪ በመስኮቷ ወጣ። እኔ ልጭር አልመጣሁም፣ የያዝኩትም ዕቃ የለም፣ ግን ሰው ሲሰጣችሁ እጃችሁ ይቀበል የለ፣ ተቀበልኩ። ሰጪው ስባሪውን ሲለቅ ጣቶቹ በጣቶቼ ላይ አለፉ። እጅጌው ወፍራምና በውኃ የራሰ ነበር። ጣቶቹ፣ ምን ልበላችሁ፣ ከፍሙ ሥር የወጡ ጣቶች ናቸው፣ የጠዋቱን ጭቃ ያህል ቀዝቃዛ ነበሩ። እጁ ተመለሰ፣ ውስጥ በርጩማ መሬት ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያ ምንም የለም።

እንዴት በሩ ጋ እንደዞርኩ አላውቅም። ጓጉንቸሩ ራሴ እንደቆለፍኩት ተንጠልጥሏል። ስከፍተው ሰው የለም። ምድጃው እየነደደ ነው፣ ደጅ ዝናብ ሲወርድበት የከረመ አንድ የቡና ግንድ ገብቶበታል፣ በርጩማው ወደ መስኮቷ ዞሮ ተቀምጧል። ያን ማታ አስካለ ቤት አደርኩ፣ ማታም ሆነ ቀን ብቻዬን እዚያ ቤት አልገባሁም፣ ለማልበስም ለመግለጥም እሷን እያስከተልኩ ነበር፣ ግንዱን ሁለታችንም አልነካነውም።

አዴ ከጥቂት ቀን በኋላ መጡ፣ የልጅ ልጅ አግኝተው ፊታቸው በርቷል። ሻሻቸውን ሳይፈቱ እዚያው ማድ ቤታቸው ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መጥፋቱን፣ ጭቃውን፣ መስኮቷን፣ ምንም አልደበቅኩም። መጥፋቱን ስናገር በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞረው አዩ።

«ግንዱን በወፍራሙ በኩል ማነው የከተተው?» አሉኝ። «እኔ በቀጭኑ ነው የምከተው። ጀማል ነው በወፍራሙ የሚከተው፣ ስቆጣው የኖርኩት።»

እጄን ያዙኝ፣ ቀኝ እጄን፣ ገልብጠው ጣቶቼን አዩ።

«ነክቶሻል?»

«አዎ።»

«እጁ ይሞቅ ነበር?»

እናት ናቸው። የሚጠይቁኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። ደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ደግሞ እሳት ሊጭር የመጣ ሰው የማይመለስበት ቤት ውስጥ ነኝ።

«ይሞቅ ነበር አዴ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

መብራቱ በመስከረም መጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። አዴ ማድ ቤታቸው ውስጥ ያለችውን አምፑል ፈትተው ለአስካለ ሰጧት፣ መስኮቷንም ከዚያ በኋላ ማታ ስትዘጋ አላየሁም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ በእግሩ ሲመለስ ጀማል አልመጣም፣ ሞተ ብሎ የነገራቸውም የለም። እኔ ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ ግን ብቻችንን በሆንን ቁጥር «ይሞቅ ነበር አይደል?» ይሉኛል፣ «ይሞቅ ነበር» እላቸዋለሁ፣ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዳሉ፣ እስከሚቀጥለው ጊዜ ይበቃቸዋል።

አሁን እኔም ባልቴት ሆኛለሁ፣ ቤቴም ያው እንደ ጥንቱ የአንድ ሰው ቤት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ እንደምታውቁት ይጠፋል፣ ሻማውን ከማብራቴ በፊት ትንሽ እቆያለሁ፣ ጣቶቼን አሻሻለሁ፣ ያንን ለተማሪ ስንት ጊዜ የጻፍኩትን ነገር በጨለማ ውስጥ እቆጥራለሁ። የሚነድ ነገር፣ እሺ፣ እርጥብም ቢሆን እንጨቱ ነበር። አየርም ነበር። ያን ያህል ቀዝቃዛ የነበረ እጅ ግን ሙቀቱን ከየት አመጣው?