ከኮፈኑ ስር የተገኘው እንጨት

ከሞተው ባሌ ጋር ሳወራ ነው አናጺው የያዘኝ።

ጠዋት ነው። የመኪናዬን ሞተር አስነስቼ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ፣ «ያቺ ደንበኛዬ ደግሞ ትላንት መጋረጃው አጠረ ብላ አንገበገበችኝ...» እያልኩ ለባሌ ወሬ አቀብላለሁ። ቀና ስል ፊት ለፊታችን የሚኖረው አናጺ መስኮቱ ጋ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

«ስልክ ላይ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ! ስልክ ላይ ነኝ።»

እጁን ዘረጋልኝ። ስልኬን ደጃፌ ላይ ጥዬው ኖሮ አንስቶ ሊሰጠኝ ነበር የመጣው። አልሳቀብኝም። ስልኩን በመስኮቱ አቀብሎኝ ቀስ ብሎ ሄደ።

እብድ አይደለሁም፣ ስሙኝማ። ባሌ አጫሽ ነበር። ማሞቂያው ሞቅ ያለ አየር ሲነፋ ከዳሽቦርዱ ቀዳዳዎች የሱ ሲጋራ ሽታ ይወጣል። ቤት ያለው ልብሱ እንኳ ጠረኑን ረስቶታል፤ ትራሱ ሳሙና ሳሙና ይላል። መኪናዋ ውስጥ ግን ያ ሙቀት ጉልበቴ ላይ ሲያርፍ፣ እሱ መጣ ማለት ነው። በሲጋራው ስንት ቀን ተኳርፈናል! ከሞተ በኋላ ግን አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ ደፍቼ አለቅስ ነበር።

ለዚህ ነው መኪናዋን ሰው እንዲነካ የማልፈቅደው። አናጺው አንድ ቀን «ከስር ውሃ ታንጠባጥባለች፣ ጋራዥ ልውሰድልሽ?» ቢለኝ፣ «እሱ ያጠበቀውን ቡሎን ሌላ ሰው አይፈታውም!» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ሁለተኛ አላነሳውም።

ከስልኩ ቀን በኋላ ግን መቀራረባችን አልቀረም። የቤቴ በር እጀታ ሲሰበር ከእንጨት ጠርቦ ሠራልኝ። ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ እንደ እንቁላል አድርጎታል።

«ይሄን ሁሉ ማለስለስ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«እጅሽን እንዳይቧጭርሽ ነዋ።»

ከልቤ ሳቅኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ዝናባማ ጠዋት መጣ፣ መኪናው መስኮት ላይ ጎንበስ አለና፣

«አልችልም ከእንግዲህ። እወድሻለሁ።» አለኝ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በደስታ ነው የዘለለው! ወዲያው ግን ማሞቂያው ያንን ሽታ ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። ባሌ መሃላችን ተቀምጦ የሚሰማ መሰለኝ።

«ሂድልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ከበሬ ድርሽ እንዳትል! ሁለተኛ በሬ አጠገብ እንዳላይህ!»

ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ማሞቂያው ቀዘቀዘ። መዘውሩን እስከ ጥጉ አዞርኩት፤ የሚነፋው የመቃብር ብርድ ነው። ሽታም የለ፣ ሙቀትም የለ።

«ተቆጣህ?» አልኩት ባሌን። «አባረርኩት እኮ! ምን ላድርግልህ ታዲያ?»

በየጠዋቱ እየተንቀጠቀጥኩ ለመንኩት፤ ሰውዬውን በልቤ እንደማስበው አውቆብኝ ነው ጥሎኝ የሄደው አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሞተብኝ። መቻሉ ሲያቅተኝ ጊዜ፣ ማንም አይነካትም ያልኳትን መኪና ራሴ ነድቼ ጋራዥ ወሰድኳት።

መካኒኩን «ጋሽ ዝምታ» ይሉታል። አፉ ተዘግቶ ስለማያውቅ ነው።

«ጋሼ፣ ማሞቂያውን ብቻ ይመልሱልኝ።» አልኩት። «ሌላ ምንም እንዳይነኩ።»

«ሐኪም ቤት ሄደሽም ሆዴን ብቻ እዩልኝ፣ ሸሚዜን ግን አትክፈቱ ትያለሽ?» አለና ኮፈኑን ከፈተ። የኮፈኑ መቆለፊያ ድሮ ስለተበላሸ ከውጭ በሽቦ ስቦ ነው የከፈተው። ሁለት ቱቦዎች ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።

«ሞተሩ ግሏል፣ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱት ቱቦዎች ግን በረዶ ናቸው። ልጄ፣ ማሞቂያሽ አልሞተም። እሱን የሚያሞቀው የሞተሩ ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ የለም።»

«የት ሄደ?»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ የራዲያተሩን ክዳን ፈታ፣ በባትሪ አበራ፣ ከስር የዛገ ቱቦ አሳየኝ። «በዚህ በኩል ያንጠባጥባል። የዛሬም አይደለም፣ የቆየ ነው። ለመሆኑ በየቀኑ ውሃ የሚሞላላት ማነው?»

«ማንም።»

«ይሄን ማንም የምትይውን ሰው በርታ በይልኝ! እሱ ባይኖር ሞተሩ ድሮ ነዶ ነበር። ሰሞኑን ነው የተወሽ።» ከዚያ ኮፈኑን ደግፎ የያዘውን ነገር በጣቱ መታ መታ አደረገ። «መደገፊያው ብረት ተሰብሮ፣ ይኸውልሽ፣ በልኩ እንጨት ሠርቶላታል። እጁ ይባረክ።»

እንጨቱን ነካሁት። ጠርዙ ሁሉ እንደ እንቁላል ለስልሷል።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

መኪናዋን እዚያው ትቼ እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት። አናጺው ደጃፍ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ መጋዙ፣ መላጊያው፣ አልጋው ሳይቀር ተጭኗል።

«ወዴት ነው?»

«ሰፈር ልቀይር።» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «በርሽ አጠገብ እንዳላይህ አልሽኝ። በሮቻችን እኮ ፊት ለፊት ናቸው።»

«ውሃውን አንተ ነህ የምትሞላው?»

የጭነቱን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ።

«ተናገር እንጂ!»

«መጀመሪያ እሱ ነበር የሚሞላው፣ ነፍሱን ይማርና። አንቺ ሳትነሺ ሲጋራውን ጥርሱ ላይ አድርጎ፣ ኮፈኑን በጭንቅላቱ ደግፎ... በመስኮት አየው ነበር። ‹እሷ ስትገባ ሞቆ ይጠብቃት› ይለኝ ነበር። እሱ ሲሞት የሚሞላ ጠፋ። ቡሎኑን አትንካ ብለሻል፣ አልነካሁም። ውሃ ግን ቡሎን አይደለም።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ባልሽን ስታዋሪው ሰምቼሻለሁ! ምን ልበልሽ? ‹የሚያሞቅሽ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ› ልበል? ከሞተ ሰው ላይ ልንጠቅሽ?»

«ለምን ተውከው ታዲያ?»

«መኪናዋ የምትቆመው በርሽ ላይ ነዋ። ድርሽ አትበል ያልሽው አንቺ ነሽ። ሲበርድሽ ጋራዥ ትወስጃታለሽ ብዬ ተስፋ አደረግኩ።»

እኔ ጅል! ሟቹ ተቀየመኝ እያልኩ ስንቀጠቀጥ፣ የሟቹን አደራ ተሸክሞ የኖረውን ሰው ነበር ያባረርኩት።

«ዕቃህን አውርድ።» አልኩት።

«ምን?»

«አውርድ አልኩህ! እኔም እወድሃለሁ። ፈርቼ ነው እንጂ ያን ዕለትም እወድህ ነበር።»

አልጋውን አብረን አወረድን። ከዚያ ጋራዥ ሄድን። የቡሎኑን ነገር ከኛ የሰማው ጋሽ ዝምታ መፍቻውን ይዞ «እንግዲህ የባልሽን ቡሎን ልፍታው?» ሲለኝ፣ አናጺው ፊቱን አዞረ፤ ቃሉ ከኔ አፍ ብቻ እንዲወጣ ፈልጎ ነው።

«ይፍቱት፣ ጋሼ።» አልኩ።

ቱቦው ተቀየረ። ውሃው ሞላ። እኔ መሪው ላይ፣ እሱ አጠገቤ ተቀመጠ። መጀመሪያ ብርድ ነፈሰ... ከዚያ ለብ አለ... ከዚያ ሞቀ። ሽታው መጣ። እንደ ድሮው አይደለም፣ ስስ ብሏል፣ ግን እሱ ነው። አሁን ደግሞ አናጺው ሽታውን አሽትቶ ይሸሸኛል ብዬ ፈራሁ።

አናጺው ግን ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለና፣ ባሌን ከቤቱ ደጃፍ እንዳገኘው ሁሉ፣

«እንደምን አደርክ ወንድሜ።» አለው። «ቱቦዋ ተሠርታለች። ከእንግዲህ አንተም በጠዋት አትነሳ፣ እረፍ።»

መሪውን ይዤ ምርር ብዬ አለቀስኩ። እሱም አላባበለኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ሲወጣልኝ እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና፣

«በርህን በደንብ ዝጋው፣ ሙቀቱ ይወጣል።» አልኩት።

ዘጋው። ወደ ቤታችን ነዳሁ።