የሻለቃው ሰላምታ

አቶ ተስፋሚካኤል በስደት በሚኖሩበት አገር፣ ያራቪል በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ጋራዡ ውስጥ፣ አሮጌው የሚስጥር መጻፊያ መኪና ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሻዩ ውስጥ የራሳቸው የልብ መድኃኒት በብዛት ሟሙቶበታል። ከክንዳቸው ሥር ደግሞ በእጃቸው የተጻፈ፣ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል የሞላበት ወረቀት ነበር።

ወረቀቱን አነበብኩ ያሉት የጦር ጓዳቸው ሻለቃ ይርጋ ናቸው። ሁለቱ በጦርነቱ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት መኪና መልእክት ያስተላልፉ ነበር። «ራሱን አጥፍቷል» አሉ ሻለቃው። ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን የፍትሐት ጸሎት አታደርግም። ሚስታቸውን እትዬ ዓለምጸሐይን ከሞቱ ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ ነው።

መርማሪ በለጥሻቸው ስትደርስ የጠበቃት የለቅሶ ቤት ሳይሆን የጠብ ሜዳ ነበር።

«መድኃኒት የምታውቀው እሷ ናት!» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ፣ ነርሷን ልጃቸውን ናዝራዊትን እየጠቆሙ። «ከአባቷ ጋር ከተኳረፈች ቆይታለች።»

«ናይት ሺፍት ነበርኩ፤ ደውለሽ ቼክ አድርጊ» አለች ናዝራዊት፣ መርማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ እየገላመጠቻት። «አዎ፣ ተኳርፈናል። አባዬ በልደቴ ቀን እንኳ ሰላም የሚል ቴክስት ልኮልኝ አያውቅም። ሁልጊዜ እንደ ትእዛዝ ነው።»

«ሰላምታ ነው እነዚያን ወታደር ልጆች ያስፈጀ ይል ነበር» አሉ እናትየው። «ጠላት የተደጋገመ ሰላምታ ይዞ ነው አሉ የሚስጥሩን ቁልፍ የፈለቀቀ። ጥፋቱ የእሱ ነው እየተባለ ዕድሜ ልኩን አንገቱን ደፍቶ ኖረ። ሰሞኑን ግን፣ ጥፋተኛውን አገኘሁት፣ እሁድ በቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ፊት እናገራለሁ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ያጠፋል?»

በለጥሻቸው ሆስፒታል ደወለች። ናዝራዊት ከሥራዋ ንቅንቅ አላለችም። መርማሪዋ ወደ ጋራዡ ስታልፍ ሻለቃው መኪናው አጠገብ ቆመው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አትነካኪው፤ መጫወቻ አይደለም» አሏት።

«እንግዲያው ያስረዱኝ።»

«ፊደል ስትጫኚ ኤሌክትሪኩ በእነዚህ ጎማዎች ያልፋል፤ እያንዳንዱ ጎማ ፊደሉን በሌላ ይለውጠዋል። ጫፍ ላይ ያለው ግድግዳ መልሶ ይልከውና እዚህ አምፖሎቹ ላይ ሌላ ፊደል ይበራል። በተጫንሽ ቁጥር ጎማው ስለሚዞር ያው ፊደል በሌላ ጊዜ ሌላ ይሆናል። ተቀባዩ ጎማዎቹን ልክ እንደ ላኪው አቁሞ የተመሰቃቀለውን ሲጽፍ ዋናው ቃል ይወጣለታል።»

«ኤሌክትሪኩ ሲመለስ በሄደበት ሽቦ አይመለስም?»

«በጭራሽ! ሁልጊዜ በሌላ ሽቦ ነው።»

«ወረቀቱን ደግመው ያነቡልኛል?»

«ቁልፉን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ካነበብኩ በኋላ ጎማዎቹን አዘበራርቄያለሁ። የመምሪያችን ደንብ ነው። በቃሌ ግን ይዤዋለሁ፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን ባለቤቴ፤ መኖር ታከተኝ፤ ራሴን አጠፋሁ፤ ይቅር በይኝ።»

«ቃል በቃል?»

«ወታደር ነኝ። ቃል በቃል።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትና ልጅ ጀርባ ተሰጣጥተው ቆሙ። ሻለቃው በቁጣ ይንጎራደዳሉ። ፍትሐቱን የከለከሉት አባ ሰብሐትም ፊታቸውን አጥቁረው መጥተዋል።

«አባ፣ ይህችን ይጫኑልኝ» አለች በለጥሻቸው፣ ኤስ የምትለዋን ፊደል አሳይታ።

ካህኑ ተጫኑ። ቢ በራ። ደገሙ፤ ኬ በራ። ጣታቸው እስኪዝል ደጋገሙት። ሌላው ፊደል ሁሉ ሲበራ ኤስ አንድ ጊዜ እንኳ አልበራችም።

«ኤሌክትሪኩ በሄደበት ስለማይመለስ ይህ መኪና አንድን ፊደል ሌላውን ሁሉ ያደርገዋል፤ ራሱን ግን አያደርገውም። ጎማዎቹ የትም ቢቆሙ ያው ነው።» ወረቀቱን ዘረጋችው። «መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ኤስ ነው። ሻለቃው አነበብኩ ያሉት የመጀመሪያ ቃል ደግሞ ሰላም፤ መኪናው በሚጽፍበት በላቲን እሱም የሚጀምረው በኤስ ነው። ከኤስ ኤስ አይወጣም። ወረቀቱ እንደዚያ አይልም።»

«አንዷን ቃል ተሳስቼ ይሆናል...»

«ቃል በቃል ብለውኛል። በዚያ ላይ ጋሼ ተስፋሚካኤል ለልጃቸው እንኳ ሰላም ብለው የማይጽፉ ሰው ነበሩ። የሞተውን ሰው ወረቀት ለውጦ የሚያነብ ማነው? እሁድ ስሙ እንዳይነሳ የፈለገ ነው። ቁልፉን የምታውቁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ እንግዲያው በጦርነቱ ጊዜ ደንቡን ጥሰው መልእክቱን ሁሉ በሰላምታ ይጀምሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። ሻለቃው ውሸት ሲፈጥሩ እንኳ ሰላምታውን አስቀደሙ።

«ይርጋ» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ፣ የዘመናት አንቱታቸውን ጥለው። «ወረቀቱ ምን ይላል?»

ይርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «የልጆቹ ስም ነው» አለ። «ያስፈጀኋቸው ልጆች ስም። ጽፎ፣ በል አንብብ አለኝ። አነበብኩለት። እሁድም በሰው ፊት ታነበዋለህ ሲለኝ... ሻዩን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ።»

ናዝራዊት ልትዘልበት ስትል መርማሪዋ ክንዷን ያዘቻት።

«ፍትሐቱ ዛሬውኑ ይደረጋል» አሉ አባ ሰብሐት።

«ይቆዩ አባ፣ ይጻፉ» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ። «ባሌ ብቻውን አይፈታም፤ ልጆቹም አብረውት ይፈቱ። ይርጋ፣ ስማቸውን ጥራ። አንድም እንዳታስቀር።»

ይርጋ ቀና ሳይል «ዋቅጋሪ» ብሎ ጀመረ። ናዝራዊት ሄዳ እናቷ አጠገብ ቆመች፤ አባ ሰብሐትም መጻፍ ጀመሩ።