ጥቁር የታሰረባቸው ቀፎዎች

ኢንስፔክተር ሎክየር የኔዘርኮም መንደርን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ እኔን ዘለለኝ። ቄሱን ጠየቀ፤ ፖስተኛውን ጠየቀ፤ ስካሩ ያልለቀቀውን አንጥረኛ እንኳ ጠየቀ። እኔ ልብስ አጣቢዋ ግን ቅርጫቴን ይዤ የሟቹ ግቢ አጥር ሥር ተገትሬያለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ዓይኔ ግን ከእሱ መነጽር ይበልጣል።

አምብሮዝ ቲልኮትን ከፖም ዛፎቹ መሀል በግንባሩ ተደፍቶ ያገኘው ፖስተኛው ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ጭንቅላቱን በአካፋ ተመትቷል። አካፋው የቅጥር ሠራተኛው የሩበን ነው። ሩበን ደግሞ በዋዜማው መጠጥ ቤት ውስጥ «አንድ ቀን እገድልሃለሁ» ብሎታል። በቃ፣ ካቴና አጠለቁለት። የእንዲህ ያለ ሰው መጨረሻ ገመድ ነው።

ሩበን አላለቀሰም፤ እንደ ታሰረ በሬ መሬት መሬቱን ያያል። እኔም አላለቀስኩም። የስንቱን ሬሳ ያጠብኩ ሴትዮ፣ እንባው ከየት ይምጣ?

«ስማ ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልህ» አልኩት ኢንስፔክተሩን።

«እማማ፣ ሥራ ላይ ነን። ልብስዎን ይጠቡ።»

«እሱን ጨርሼ ነው የመጣሁት። ቀፎዎቹን አይተሃቸዋል?»

ከፖም ዛፎቹ ሥር በተደረደሩት ስድስት ነጭ ቀፎዎች ሁሉ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል። በእኛ አገር የቤቱ ጌታ ሲሞት አንድ ሰው ቀፎውን አንኳክቶ መርዶውን ለንቦቹ ይነግራል፤ ጥቁርም ያስራል። መርዶ ያልደረሰው ንብ ወይ ይሰደዳል ወይ ያልቃል።

«የአገር ወግ ነው፤ ምን ይገርማል?» አለኝ።

ወደ ሟቹ ሚስት ዞርኩ። «ሂልዳ፣ መቼ አሰርሽው?»

«ፖስተኛው ከነገረኝ በኋላ ነዋ! መቼ ላስር ኖሯል?»

«አንተ ባለመነጽር፣ ጠጋ በል።» ሁሉም ተጠጋ፤ ቄሱም፣ አንጥረኛውም፣ ሩበንም ከነካቴናው። «ከጨርቁ ሥር ምን ታያለህ?»

«ወደ ታች የወረደ ጥቁር ቀለም።»

«ምን አወረደው?»

«ዝናብ።»

«ዝናቡ መቼ አባራ?»

ፖስተኛው ቀደመው። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም።»

«እንግዲህ ቁጠር። ሬሳው የተገኘው ሦስት ሰዓት ላይ። ጨርቁ ቀለሙን የለቀቀው ዝናቡ ሳያባራ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት። ያሰርኩት እኔ ነኝ ብላሃለች። ማንም ያላወቀውን ሞት ማን ነገራት?»

ሰው ሁሉ ወደ ሂልዳ ዞረ። ንቦቹ ያጉረመርማሉ።

«ዛሬ ሊያቃጥላቸው ነበር» አለች ሂልዳ፣ ስለ ሽንኩርት እንደምታወራ። «የአባቴ ንቦች ናቸው። ለመንኩት። ሳቀብኝ።»

«ገድለሽውስ ለምን አረዳሻቸው?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ታዲያ ይሙቱብኝ?»

ካቴናው ከሩበን እጅ ወለቀ። አንጓውን አሸት አሸት አድርጎ ሄደ። ምስጋናም አልጠበቅኩም። ኢንስፔክተሩ ወደ ሂልዳ ሲራመድ ግን ቅርጫቴን አስቀምጬ መሀል ቆምኩ።

«ቆይ፣ አትንካት። አንቺ ሂልዳ፣ የነገርሻቸው ግማሹን ነው። ሂጂ፣ ስድስቱንም አንኳኪ፤ ማን እንደገደለው ጨምረሽ ንገሪያቸው።»