ደም ከቅቤ በላይ

የዘር ኮርማ ጨረታው ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ የከብት ዕድሜና ዋጋ ገማቹ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በቦንጋ ከብት ገበያ ሞተው ተገኙ። ደረታቸው ተወግቶ፣ በእትዬ በዛወርቅ በረት ከድርቆሽ ክምር ጀርባ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። የእትዬ ኮርማ ቀንድ ደም ነክቶታል።

«ሰው የገደለ ኮርማ ለዘር አይሸጥም» አለ ሣህሌ፣ የጎረቤቱ በረት ባለቤት። «ክፉ ጠባይ በዘር ይወርዳል። ዛሬውኑ ይታረድ።»

«ለሥጋ ከሆነ እኔ እወስደዋለሁ» አለ ነጋዴው ከሚል።

እትዬ በዛወርቅ የኮርማውን ገመድ እጃቸው ላይ ጠመጠሙ። እናቱ ሞታበት በጡጦ ያሳደጉት ነው። ሰዉ ሁሉ አፍጥጦባቸዋል።

«ማንም ይምጣና ይንካው፣ እንተያያለን» አሉ።

ኢንስፔክተር ትርሐስ ሬሳውን ቀና አደረገች። ሥሩ ደረቅ አፈር፣ ዙሪያው የዛሬው ዝናብ ያጨቀየው ጭቃ። ከሥር የቀረው እጅጌ እስከ ክርን ተጠቅልሏል፤ ክንዱ ላይ የከብት ለሃጭ አለ። ቀጥላ ቀንዱን ዳሰሰች።

«እትዬ፣ ቅቤ ቀብተውታል?»

«ዝናቡ ሲያባራ፣ በሩ ላይ አቁሜ። ቀንዱ ሲያብረቀርቅ ዋጋ ያነሳል ብዬ ነዋ። ከዚያ ልመዘገብ ሄድኩ። ከድርቆሹ ጀርባ ሰው መኖሩን በምን ልወቅ፣ ልጄ?»

«ገማቹ አይተውት ነበር?»

«ትናንት፣ እስከ ጥርሱ።»

«ከሚል፣ ያንተ ከብቶች መቼ ገቡ?»

«ከዝናቡ በኋላ፣ ከዋጫ ከተማ። የገበያው በር ዘበኛ ይመስክር።»

ዘበኛው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ትርሐስ ሁሉንም በረቱ ፊት ሰበሰበች።

«ሬሳው ሥር አፈሩ ደረቅ ነው፤ ሰውየው ከዝናቡ በፊት ሞተዋል። ቅቤው ከዝናቡ በኋላ ተቀባ። ደሙ ግን ከቅቤው በላይ ነው። ኮርማው ቢወጋ ኖሮ ደሙ ከቅቤው ሥር በሆነ፣ እሱንም ዝናቡ ባጠበው። ስለዚህ ደሙን የቀባው ሰው ነው።»

«ማን?» አለ ሣህሌ።

«ለሃጩ ይነግረናል። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ከዝናቡ በፊት የከብት አፍ ከፍተዋል። ለጨረታው የቀረቡት የሦስታችሁ ከብቶች ብቻ ናቸው። የእትዬን ትናንት ጨርሰዋል። የከሚል አልገባም ነበር። የቀረው ያንተ ነው።»

የሣህሌን ኮርማ ከንፈር ገለጠች። ወረቀቱ አራት ዓመት ይላል፤ ጥርሱ እስከ ድዱ አልቋል።

«ይሄ ከአሥር ዓመት አያንስም» አለ ከሚል በንቀት። «ለዘር ብለህ ልትሸጥልን?»

ፖሊሶች ከሣህሌ በረት እበት ውስጥ ደም የነካው ሹል ካስማ አወጡ።

ሣህሌ ጥርሱን ነከሰ። «እውነተኛ ዕድሜውን ሊጽፍብኝ ነበር። ማን ይገዛኛል ከዚያ ወዲያ?» እያለ ወሰዱት።

ጨረታው ቀጠለ። የእትዬን ኮርማ በትልቁ የዘር ዋጋ ያሸነፈው ከሚል ነበር። ገመዱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«መጀመሪያ» አሉ እትዬ በዛወርቅ ገመዱን ሳይለቁ፣ «ሰው እንዳልገደለ ጮክ ብለህ ተናገርለት።»

ከሚል ወደ ሰዉ ዞረና ተናገረ።